ከውሃ ታንከሩ ጀርባ የደበቅሁት ጥቅል

በዚያ ሐሙስ ቀን፣ ሪያድ ሱለይማኒያ በነበረው ቪላ ውስጥ ስድስት ሰዎች ነበርን። የቤቱ እመቤት ማዳም ኑራ። የማዳም ልጅ ሪም፣ ዕድሜዋ አሥራ አምስት። የቤቱ ሾፌር ከዲር፣ የከሚሴ ልጅ። ከአስር ሶላት በኋላ የመጡት ሸይኽ፣ ስማቸውን እስከ ዛሬ አላውቀውም። የቤቱ ሠራተኛ እኔ፣ ዘይነባ። እና ልጄ ሐያት። የማዳም ባል ለሥራ ጅዳ ሄዶ ስለነበር በቦታው አልነበረም። ሁሉንም የምዘረዝረው ከእነዚህ ሰዎች አንዱን የሚያውቅ አንባቢ ይኖር ይሆናል ብዬ ነው።

እኔ የተማርኩት እስከ አምስተኛ ክፍል ነው። አማርኛ አነባለሁ፣ ግን ቃሉን በጣቴ እየተከተልኩ ነው። ይህችን ጽሑፍ ለመጨረስ ሦስት ወር ፈጅቶብኛል። በተፈጥሮዬ ፈሪ ነኝ። የጋዙን ቁልፍ ሦስት ጊዜ ሳልነካ አልተኛም። ማዳም ጓደኞቿ ሲመጡ እያሳቀቻቸው፣ «ዘይነብ እንቁላል ስትሰብር እንኳ ይቅርታ ትጠይቀዋለች» ትላቸው ነበር። እውነቷን ነው። በሰው ቤት፣ በሰው አገር ስኖር ያቆመኝ ጥንቃቄዬ ይመስለኝ ነበር።

ሐያት የመጣችው እኔ ሪያድ ስድስት ዓመት ከሞላኝ በኋላ ነው። ኮምቦልቻ እህቴ ዘንድ ነበር ያደገችው። አሥረኛ ክፍል እንደጨረሰች ለማንም ሳትናገር በየመን በኩል ባሕር ተሻግራ መጣች። ከድንበሩ ከተማ ከጂዛን ደወለችልኝ። ማዳምን እጇን ስሜ ስለምናት፣ «ትቀመጥ፣ ግን ኢቃማ ስለሌላት ከበር እንዳትወጣ» አለችኝ። ትልቁ አፈሳ ካለፈ ሁለት ዓመት ቢሆነውም የመኖሪያ ወረቀት የሌለው አበሻ ከየመንገዱ መታፈሱ አልቀረም ነበር።

የመጣች ቀን ገላዋን እያጠብኩ፣ «ምን ልትሠሪ መጣሽ አንቺ ልጅ?» አልኳት።

«አንቺን ልወስድሽ ነው የመጣሁት እማ» አለችኝ።

«በምን? በአውሮፕላንሽ?»

ሳቀች። እኔም ሳቅሁ። የልጅ ወሬ መስሎኝ ነበር።

ሐያትና ሪም ቶሎ ተግባቡ። ሪም ትምህርት ቤቷ ውስጥ ጓደኛ የላትም፤ ሐያት ደግሞ የምትወጣበት በር የላትም። ሪም በእንግሊዝኛ የተጻፉ የልጆች ልብ ወለዶች ነበሯት። ስለ ድሮ ግሪኮች አማልክት፣ ከአማልክት ስለተወለዱ ልጆች፣ ስለ ሙታን አገር የሚያወሩ ናቸው። እናቷ እንዳታይባት በጫማ ካርቶን ውስጥ አድርጋ አልጋዋ ሥር ትደብቃቸዋለች። ረቡዕ ረቡዕ ከሰዓት በኋላ ሐያት ፀጉሯን ስትጎነጉንላት ሪም በዓረብኛ ታወራላታለች። ሐያት ማታ ክፍላችን ስትገባ የራሷን ታሪክ በአማርኛ ትጽፋለች። የሰማችውን አልነበረም የምትገለብጠው። ያንን መነሻ አድርጋ የራሷን ነው የምትፈጥረው። ሥዕልም ትሥላለች። በፀጉር ፋንታ እባብ የበቀለባት ሴት፣ ሦስት ራስ ያለው ውሻ፣ ለሁለት የተከፈለ ሮማን።

እኔ እባቧን ሴትዮ ሳይ፣ «አስተግፊሩላህ በይ» አልኳት።

«እማ፣ ተረት እኮ ነው። አማልክቱን የሚያመልካቸው ሰው የለም፣ ሁሉም ሞተው አልቀዋል።»

«ስለ ሞተ ነገር ምን ያጽፍሻል?»

«ስለ ሕያዋኑ ከጻፍኩ ማዳም ትቀየመኛለቻ።»

«ውሻውስ? ሦስት ራስ?»

«ለሦስቱም አፍ የሚያበስለው ማን ይመስልሻል? የቤቱ ኸዳማ ናት፣ ምስኪን።» አፏን በእጇ ሸፍና ሳቀች። ሁልጊዜ እንደዚያ ነው የምትስቀው።

አንድም ቀን ቁጭ ብዬ አላነበብኩላትም። «አንብቢልኝ» ስትለኝ «ዓይኔ ደክሟል» እላት ነበር። እውነቱን ለመናገር ፈርቼ ነው። ከአንድ አላህ በቀር ሌላ አምላክ የሚጠራበት ወረቀት መንካት ኃጢአት የሚሆንብኝ እየመሰለኝ ነው።

አሁን ስለ ፀጉሩ ልንገራችሁ። በእኛ ቀዬ ከማበጠሪያ የወጣ ፀጉር አይጣልም። ሰው እንዳይረግጠው፣ ነፋስ እንዳይወስደው ተሰብስቦ ግድግዳ ስንጥቅ ውስጥ ይሸጎጣል፣ ወይም ይቀበራል። እናቴ እንደዚያ ታደርግ ነበር። የማዳም ቤት ግን ግድግዳው እብነ በረድ ነው፣ ስንጥቅ የለው። ግቢውም ሸክላ የተነጠፈበት ነው፣ የሚቆፈር አፈር የለው። ስለዚህ የእኔንም የሐያትንም በትንሽ ከረጢት እያጠራቀምኩ ሻንጣዬ ውስጥ አኖር ነበር። አገሬ ስገባ እቀብረዋለሁ ብዬ። ረቡዕ ረቡዕ የሚረግፈውን የሪምንም ፀጉር ጨምሬበታለሁ። የሰው ልጅ ገላ ነው፣ ቆሻሻ ውስጥ መጣል ነውር ነው ብዬ። ለልጂቷ ያደረግሁላት ደግ ነገር መስሎኝ ነበር።

ማዳም በዚያ ዓመት ሁለተኛ ፅንሷ ወርዶባት ነበር። ወንድ ነበር አሉ። ከዚያ ወዲህ አትበላም፣ ጨለማ ክፍል ውስጥ ትተኛለች። ሐሙስ ጠዋት ሩዝ እያጠብኩ ወደ ወጥ ቤት መጣች። ፊቷ ወረቀት መስሏል።

«ዘይነብ፣ ዛሬ ቁርኣን እየቀሩ የሚያክሙ ሸይኽ ይመጣሉ። በቤትሽ ውስጥ የተደበቀ ሲሕር አለ ብለውኛል። ሁሉም ክፍል ይፈተሻል።»

ሲሕር ማለት ድግምት ነው። በዚያ አገር በሲሕር የተጠረጠረች ሠራተኛ ምን እንደሚደርስባት ስንት ወሬ ሰምቻለሁ። ሩዙ ከእጄ ወደ ማጠቢያው ፈሰሰ።

ሮጬ ወደ ክፍላችን ሄድኩ። ሐያት ልብስ እየተኮሰች ነበር።

«ደብተሮቹን አምጪ።»

«ለምን?»

«ቤቱ ሊፈተሽ ነው።»

«ይፈተሻ! ደብተር እኮ ነው እማ።»

«ሥዕሉስ? እባቡስ?»

ካውያውን አቆመችና ትከሻዬን ያዘችኝ። «ስሚኝ። መደርደሪያው ላይ ከመዝገበ ቃላቱ ጋር ይቀመጡ። የትምህርት ደብተር ነው ብለው ያልፉታል። ሰውን የሚያስፈራው የተደበቀ ነገር ነው። አብሽሪ።»

አሥራ ሰባት ዓመቷ ነበር። እኔ አርባዬን ጨርሻለሁ። ትክክል የነበረችው እሷ ነበረች።

ማዳም ወደ ፎቅ ስትጠራት ብቻዬን ቀረሁ። ታሪኩ የተጻፈባቸውን አራት ደብተሮች አወረድኩ። ከዚያ ሻንጣዬ ውስጥ ያለው የፀጉር ከረጢት ትዝ አለኝ። ይህንንስ ቢያገኙት? አንድ ላይ አደረግኋቸው። በአሮጌ ጥቁር ሻርፔ ጠቀለልኩ። ጣሪያ ላይ ነፋስ እንዳይፈታው ሦስት ቦታ ቋጠርኩት። የታጠበ ልብስ የማሰጣ መስዬ ወደ ጣሪያው ወጣሁና ከውሃ ታንከሩ ጀርባ ሸጎጥኩት። ቢስሚላህ ብዬ ነው ያስቀመጥኩት። ስወርድ ልቤ ቀለል አለኝ። ሩዙን እንደገና አጠብኩ።

ሸይኹ ከአስር ሶላት በኋላ መጡ። ክፉ ሰው አልነበሩም። መነጽር ያደረጉ፣ ድምፃቸው ዝቅ ያለ ሰው ናቸው። ሻይ ሳቀርብላቸው «አላህ ይባርክሽ» ብለውኛል። ቁርኣን የተቀራበት ውሃ በባልዲ ይዘው ከማዳም ጋር ክፍል ለክፍል ዞሩ። የሪም ክፍል ሲደርሱ ሪም በር ላይ ቆማ ጥፍሯን ትበላ ነበር። አልጋው ሥር ካርቶን ነበር። አነሡት፤ ከላይ ያሉትን መጽሐፎች ገለጥ ገለጥ አድርገው መልሰው አስቀመጡት።

ከዚያ የእኛ ክፍል ገቡ። ሻንጣዬን ከፈቱ። ፍራሹን ገለበጡ። መደርደሪያው ላይ የሐያት መዝገበ ቃላትና ሥዕል ብቻ የምትሥልበት፣ እኔ ያላየሁት አንድ ደብተር ቀርቶ ነበር። ደብተሩን አንሥተው ቅጠሉን ገልጠው አዩ። የመጀመሪያው ገጽ ላይ ያ ሦስት ራስ ያለው ውሻ ነበር። ፈገግ አሉ፣ ወላሂ። «ልጅሽ ትሥላለች?» ብለውኝ መልሰው አስቀመጡት።

ስህተቴ የገባኝ ያኔ ነው። ሌሎቹም እዚያው ቢሆኑ ኖሮ እንደዚሁ ያልፏቸው ነበር።

«ጣሪያውስ?» አለች ማዳም።

ሸይኹ ከዲርን ላኩት። እኔ ግቢው መሃል ቆምኩ። ሐያት ምንም አታውቅም፤ ጎኔ ሆና በጆሮዬ «አየሽ? አለቀ እኮ» አለችኝ። ከላይ የከዲር ድምፅ መጣ።

«ማዳም፣ እዚህ የታሰረ ነገር አለ።»

ከዲር ላይ ቂም የለኝም። የእኔ መሆኑን ቢያውቅ ኖሮ ታንከሩ ውስጥ ይሰምጥ ነበር እንጂ አይናገርም። ጥቅሉን በሁለት ጣቱ ይዞ፣ ከሰውነቱ አርቆት ወረደ። ሸይኹ ሸክላው ላይ አስቀምጠው ውሃ ረጩበት። ሦስቱን ቋጠሮ እየቀሩ አንድ በአንድ ፈቱ። መጀመሪያ የወጣው ፀጉር ነው። የእኔ፣ የሐያት፣ ከዚያ በሒና የቀላው የሪም ፀጉር።

ማዳም ቀስ ብላ መሬት ላይ ተቀመጠች። «ይህ የልጄ ፀጉር ነው» አለች። አልጮኸችም። ብትጮኽ ይሻለኝ ነበር።

ዓረብኛው ጠፋብኝ። ከስድስት ዓመት በላይ የተናገርኩት ቋንቋ። በተሰባበረ ዓረብኛ «ማዳም፣ እንዳይረገጥ ብዬ ነው» አልኩ።

«ማን እንዳይረግጠው?»

ምን ብዬ ላስረዳት? የእናቴን የግድግዳ ስንጥቅ?

ሸይኹ ከደብተሮቹ አንዱን ገለጡ። እባብ የበቀለባት ሴት። ቀጥሎ ወደ መሬት ውስጥ በደረጃ የምትወርድ ልጅ። ከልጅቷ ሥር በዓረብኛ «ሪም» ተብሎ ተጽፏል። ይህን ስም የጻፈችው ራሷ ሪም ነች። የታሪኩ ጀግና ጓደኛ የምትሆነው እሷ ናት ተባብለው፣ በገዛ እጇ የጻፈችው ነው።

«ይህ ጽሑፍ ምን ይላል?» አሉ ሸይኹ።

«ተረት ነው። እኔ ነኝ የጻፍኩት» አለች ሐያት።

«ተረት ከሆነ ለምን ከፀጉር ጋር ታሰረ?»

ሐያት ዞራ አየችኝ። ደብተሮቿን ከፀጉሩ ጋር ማን እንዳሰራቸው ገባት። ያን አስተያየቷን ዛሬም አየዋለሁ። ቁጣ አልነበረበትም። የሚያደርገውን የማያውቅ ሕፃን እንደሚታይ ነበር ያየችኝ። ከዚያ ወደ ሸይኹ ዞረች።

«እኔ ነኝ ያሰርኩት።»

«አይደለም» አልኩ፣ በአማርኛ። ማንም አልሰማኝም።

«የልጂቱን ስም የጻፈው ማን ነው?» አሉ ሸይኹ።

ሪም ደረጃው ላይ ቆማለች። ሁላችንም ወደ እሷ አየን። አንገቷን ደፋች።

«እሱንም እኔ ነኝ» አለች ሐያት። «ሪም ምንም አታውቅም።»

ማዳም እኔንና ልጄን ልብስ ማጠቢያው ክፍል አስገብታ ቆለፈችብን። ፖሊስ ጋ ስትደውል በበሩ ይሰማን ነበር። ሐያት የማጠቢያ ማሽኑን ተደግፋ መሬት ላይ ተቀመጠች።

«እማ፣ ከፀጉሩ ጋር ለምን?»

«እንዳይበተን ብዬ።»

አፏን በእጇ ሸፈነች። ስቃ ይሁን አልቅሳ አላወቅሁም፣ ትከሻዋ ብቻ ይንቀጠቀጥ ነበር። «አብሽሪ» አለችኝ። «ሹርጣዎቹ ሲመጡ ራሴ አነብላቸዋለሁ። ሲሰሙት ይስቃሉ።»

እኔ ግን የማስበው ስለ ኢቃማዋ ነበር። ወረቀት የሌላት፣ በባሕር የገባች፣ «እኔ ነኝ ያሰርኩት» ያለች ልጅ። ማን ቁጭ ብሎ ተረት ይሰማታል?

ቁልፉ ተንቀሳቀሰ። ሪም ነበረች፣ ፊቷ በእንባ ርሷል። «ከዲር መኪናውን በኋላ በር አቁሞታል። እናቴ ስልክ ላይ ናት። ያላ፣ ያላ ሐያት።»

ሐያት እጇን ያዘቻት። «መጽሐፎቹን አሳዪአቸው ሪም። ስምሽንም አንቺ እንደጻፍሽው ንገሪያቸው። ያኔ ያልቃል።»

«አልችልም። ትገድለኛለች። አልችልም።»

ልጅ ናት። በሷም ቂም ላለመያዝ ስንት ዓመት ታገልኩ፣ እስካሁን ግን አልቻልኩም።

ሐያትን እየገፋሁ ወደ ኋላ በር ወሰድኳት። «አብረን ካልሆነ አልሄድም» አለችኝ።

«እኔ ኢቃማ አለኝ። ነገ አስረድቻቸው እመጣለሁ።»

«እማ…»

«ሂጂ። ወደ ኋላ እንዳታዪ።»

ይህን ስላት ፊቷ ተለዋወጠ። የሚያውቁትን ቃል ከማይጠብቁት ሰው አፍ እንደሚሰሙ ሆነች። ምን እንዳስደነገጣት ያኔ አላወቅሁም። ወጣች። ከበሩ እስከ መኪናው ሰባት ስምንት እርምጃ ነው። መሃል ላይ ስትደርስ ትከሻዋ መዞር ሲጀምር አየሁ። ካየችኝ ትመለሳለች ብዬ ፈራሁ። ፊቷ ሳይደርስ የብረቱን በር ዘጋሁት።

መኪናው ሲነሣ ሰማሁ። የመግሪብ አዛን እያለ ነበር።

ሹርጣዎቹ መጡና እኔን ወሰዱኝ። ስለ ታሰርኩበት ጊዜ ብዙ አልጽፍም። ለጥያቄ ሁሉ «ያሰርኩት እኔ ነኝ፣ ለሲሕር አይደለም» እያልኩ ቆየሁ፣ የሚሰማኝ ግን አልነበረም። ከወራት በኋላ አስተርጓሚ መጡ፤ ሱዳን ያደጉ አረጋዊ አበሻ ናቸው። ደብተሮቹን ጠረጴዛ ላይ ደርድረው በአማርኛ ጮክ ብለው ያነባሉ፣ ከዚያ ለመርማሪው በዓረብኛ ይናገራሉ። ሁለት ቀን ፈጀ። የልጄን ታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ የሰማሁት እዚያ፣ እጄ ታስሮ ነው።

ታሪኩ ስለ አንዲት ልጅ ነው። እናቷ በሙታን ንጉሥ ቤት ገረድ ናት። ከንጉሡ ማዕድ የቀመሰ ሰው ከዚያ አገር አይወጣም። እናትየዋ ርቧት ስድስት የሮማን ፍሬ በልታለች፣ ስለያንዳንዱ ፍሬ አንድ ዓመት ታገለግላለች። ልጅቷ ጥቁሩን ውሃ ተሻግራ፣ ሦስት ራስ ያለውን ውሻ አታልላ ትመጣለች። ንጉሡም፣ «ውሰጃት፣ ግን አንቺ ከፊት ሂጂ። ፀሐይ እስክታዪ ወደ ኋላ እንዳታዪ፤ ካየሽ እሷ እዚሁ ትቀራለች» ይላታል።

አረጋዊው ገጹን ገለጡ። እኔ በጣቶቼ ቆጠርኩ። ሐያት ስትመጣ ሪያድ ስድስት ዓመቴ ነበር። አንቺን ልወስድሽ ነው የመጣሁት ብላኝ ነበር። በሩ ላይ ያልኳትም የንጉሡን ቃል ነበር።

አራተኛው ደብተር ሳይጨረስ ነው የሚያቆመው። የመጨረሻው ዓረፍተ ነገር እንዲህ ይላል፦ «ልጅቷ የእናቷን ኮቴ ብታዳምጥ አልሰማ አላት፤ እናትየዋ ስትራመድ ድምፅ እንዳታሰማ ለዓመታት የለመደች ገረድ ነበረችና።»

አረጋዊው መነጽራቸውን አወለቁ። «ልጅቷ የት ናት?» አሉኝ።

«አላውቅም።»

«ይህ የልጆች ታሪክ ነው። ሌላ ምንም የለበትም» ብለው ለመርማሪው ነገሩት። ከዚያ በኋላ የሲሕሩ ነገር ተተወ። ማዳም ግን መልሳ አልተቀበለችኝም። ወደ አገር የሚመለሱት በሚታጎሩበት ተርሂል አስገቡኝ፣ ከዚያም ወደ አገሬ ላኩኝ። ደብተሮቹን ስጡኝ ብዬ ለመንኩ። «ኸላስ፣ ፋይል ውስጥ ገብቷል» አሉኝ።

ኮምቦልቻ ከገባሁ በኋላ ከዲር አንድ ጊዜ ደውሎልኛል። ሐያትን ሪያድ ውስጥ ሱወይዲ ሰፈር፣ ከገበያው ጀርባ የወሎ ሴቶች ተከራይተው በሚኖሩበት ቤት አደረሳት። አሥራ አንድ ቀን እዚያ ቆይታለች። በየቀኑ «እናቴ መጣች ወይ?» እያለች ትደውልለት ነበር። ከዚያ አንዲት ሴት ሥራ አገኝልሻለሁ ብላ ራውዳ ወደሚባለው ሰፈር ወሰደቻት። የሴትዮዋን ስም የሚያውቅ የለም። ሐያት ለከዲር ለመጨረሻ ጊዜ ስትደውል፣ «እማ ስትመጣ የት እንዳለሁ ንገራት» አለችው፣ የት እንዳለች ሳትነግረው ስልኩ ተቋረጠ። እኔ ነገ እመጣለሁ ብያት ነበር። የከዲርም ስልክ አሁን አይሠራም።

እናንተ ይህን የምታነቡ፣ ሰዎች «አላህ ያገናኛችኋል» ይሉኛል። አሚን እላለሁ፣ ሌሊቱን ግን ሳልተኛ አነጋዋለሁ። ተስፋ አለኝ ብዬ ብጽፍላችሁ ውሸት ነው። በዚያ ቀን የሠራሁትን እያንዳንዱን ነገር ልጄን ለማዳን ነው የሠራሁት። ደብተሩን የደበቅሁት፣ ቋጠሮውን ሦስት ጊዜ ያጠበቅሁት፣ በሩን የዘጋሁት። አንዱንም ባልሠራ ልጄ ዛሬ ከጎኔ ነበረች። እናቶች ከእኔ ምን እንዲማሩ እንደምፈልግ አላውቅም። ልጆቻችሁ «አንብቡልኝ» ሲሏችሁ ዓይኔ ደክሟል እንዳትሉ፣ ይህን ብቻ ነው የምለው። አሁን ከማበጠሪያው የሚወጣውን ፀጉሬን ወደ ደጅ እጥለዋለሁ። የጋዙን ቁልፍም አንድ ጊዜ እንኳ አላየውም።

ብዙ ጊዜ የማስበው ስለዚያ ትከሻ ነው። ዞራ ነበር። የተዘጋ በር ብቻ ነው ያየችው። ከኋላዋ እየመጣሁ ይሁን ወይም እዚያው ቀርቼ ይሁን ማወቂያ አልነበራትም።

ልጄ ሐያት ትባላለች። ቀጭንና ረጅም ናት። በግራ እጇ ነው የምትጽፈው። በቀኝ አንጓዋ ላይ የካውያ ጠባሳ አለባት። ስትስቅ አፏን በእጇ ትሸፍናለች። ራውዳ ወይም ሌላ ቦታ ያያት ሰው ካለ፣ በሕይወት ብትሆንም ባትሆንም፣ የት እና መቼ እንዳያት ይንገረኝ።